ሐሞት የተሰቀለበት ቤት

ኦክላንድ በሚገኘው ቤቴ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ አራት የቻይና ፊደላት የተጻፉበት ወረቀት ለሃያ ዓመት ያህል ተሰቅሎ ኖሯል። ፊደላቱን ማንበብ አልችልም ነበር፤ ትርጉማቸውን ግን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ሳምንት የማስጠነቅቃቸው ምንጩን ያላዩትን ነገር አውቃለሁ እንዳይሉ ነው። ማስጠንቀቂያው መምህርቷንም ይመለከት እንደሆነ የጠየቀኝ ተማሪ ግን እስካሁን የለም።

ወረቀቱን የሰጠችኝ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አብራኝ ትሠራ የነበረች ቻይናዊት ናት። በዚያ ዘመን ባለቤቴና እኔ አንድ ስምምነት ነበረን፤ ተምሮ የተሰደደ ባልና ሚስት ሁሉ የሚያውቀው ስምምነት። አንዱ ሲማር ሌላው ይሠራል፤ የተማረው ሲጨርስ ተራው ይለወጣል። እሱ ቀደመ። ለምን እሱ እንደቀደመ ዛሬ ብጠየቅ ማስረጃ ላቀርብ አልችልም፤ የተወያየንበትም አይመስለኝም። እኔ የጀመርኩትን የዶክትሬት ትምህርት አቋርጬ የአረጋውያን ሽንት ጨርቅ ስለውጥ እሱ ምህንድስና ተማረ። ሲጨርስ ኩፐርቲኖ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ቀጥሎ ቤት ያዘ፤ ቀጥሎ ሌላ ሴት ያዘ። ተራ የሚባለው ነገር ከእኔ ሳይደርስ ቀረ። ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ይህንን ሁሉ ለባልደረባዬ በምሳ ሰዓት፣ በስድስት ወይም በሰባት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ምሳዋን ጨርሳ ተነሣች። በማግስቱ ወረቀቱን ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ቤትሽ ስቀይው። ስትበዪ እዪው» አለችኝ። ምን እንደሚል ስጠይቃት በእንግሊዝኛዋ አቅም አስረዳችኝ፦ የተሸነፈ ንጉሥ ነበር፤ ጭራሮ ላይ ይተኛል፤ ሐሞት ይልሳል፤ ይታገሣል፤ በመጨረሻ ቀኑ ይደርሳል። «አንቺም» አለችና ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛው ላይ የሆነው ሁሉ የሆነው በእሱ ሥር ነው። ያቋረጥኩትን ትምህርት ቀጥዬ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዶክተር ተባልኩ። ሳን ሆዜ ውስጥ በየሴሚስተሩ ውል የምፈርም አስተማሪ ሆንኩ፤ ማለትም በዓመት ሁለት ጊዜ እፈለግ እንደሆነ በኢሜይል ይነገረኛል። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በየቀኑ፣ ከወደቡ በሚወጡ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መካከል እነዳለሁ። ጽናት ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ለዚህ ነገር ሌላ ስም ነበረኝ፤ ግን ፊደሉን ስለማላውቀው ግድግዳው ይናገርልኝ ብዬ ትቼዋለሁ።

ነገሩ የተነሣው ልጄ ሃያ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በፌብሩዋሪ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ዜና አመጣችልኝ። የመጀመሪያው በምሥራቁ ጠረፍ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት ማግኘቷ ነበር፤ ሙሉ ወጪዋ ተችሎ፣ ለስድስት ዓመት። ሁለተኛው ልታገባ መሆኗ ነበር። እጮኛዋ ኩፐርቲኖ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ሳን ፓብሎ የሚኖሩ ቻይናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ነው። በቻይናዊነቱ ላይ ምንም ተቃውሞ አልነበረኝም። ተቃውሞዬ በኩፐርቲኖ ላይ ነበር።

«ትምህርቱስ?» አልኳት።

«ተራ በተራ እናደርገዋለን፣ ማም። ዶንት ዎሪ።»

ልጄ አማርኛ ከምትናገረው በላይ ትሰማለች፤ የምትመልሰውም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ይህቺን «ተራ በተራ» የምትለዋን ግን አጥርታ በአማርኛ ነበር ያለቻት፤ ከኔው አፍ ነበርና የተማረችው። ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ታሪኩን ቀድሜ ኖሬ ጽፌዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ዩኒቨርሲቲው መልሷን የሚጠብቀው እስከ አፕሪል አጋማሽ ብቻ ነበር። እንደሚከተለው አሰላሁ። ጋብቻው እስከዚያ ቀን ከተጓተተ፣ ልጄ ያላገባችና በእናቷ የተናደደች ሆና ትቆያለች፤ በእናቷ የተናደደች ልጅ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ትወዳለች። እኔ ተናድጄ የሄድኩት ከሁሉም የራቀው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ማጓተቻ ብቻ ነበር፤ ያገሬ ወግ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቶታል።

«ሽማግሌ ይላኩ» አልኳት።

«ማም፣ አር ዩ ሲሪየስ?»

መጠየቋ ትክክል ነበር። በሕይወቷ ሙሉ አንድም ወግ ሳከብር አይታኝ አታውቅም።

በኛ ወገን ተቀማጭ ሆነው ሽማግሌዎቹን እንዲቀበሉ የጠራኋቸው የሟቹን የታላቅ ወንድሜን ጓደኛ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የካሊፎርኒያን ድልድዮች ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ተማሪ ሳሉ ሽምግልና የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ነው የሚል ወረቀት በድብቅ ያባዙ ነበር። አሁን ግን ቅሪቱን ከሚጠብቁት ዋነኛው ናቸው፤ ድልድይ እንደሚመረምሩት አድርገው፣ አንድ ብሎን እንኳ እንዲጎድል አይፈቅዱም። ለእጮኛዋ ስልክ ደውለው ሥርዓቱን አንድ በአንድ አስረዱት። ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ተቀመጡ ቢባሉ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ተመለሱ ቢባሉ ይመለሳሉ። አንድ ነገር ብቻ አልነገሩትም፤ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አለመሆኑን። እኛ ዘንድ ለማንም የሚነገር ነገር ስላልሆነ ለሱም መነገር እንዳለበት አልታያቸውም።

በማርች መጀመሪያ፣ በቅዳሜ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆሙ። አንደኛው የእጮኛዋ አባት ናቸው፤ ሁለቱ በኦክላንድ ወደብ አብረዋቸው ኮንቴይነር ሲጎትቱ የኖሩ ጓደኞቻቸው። ሦስቱም ሱፍ ለብሰዋል። አባትየው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘዋል። እንግሊዝኛቸው ከወደቡ በር የሚያስገባና የሚያስወጣ ያህል ብቻ ስለነበር ልጃቸው አስተርጓሚ ሆኖ ከኋላ ቆሟል።

ጋሼ ሽምግልና የሚካሄደው በአማርኛ ነው ብለው ወሰኑ። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው አስፈለገ።

«ሙሽራዋ ራሷ ልታስተረጉም?» አሉ ጋሼ፣ ልጄ ከጓዳ ብቅ ስትል። «ይሄ ነውር ነው!»

«ሌላ ሰው ካለ ይምጣ፣ ጋሼ። እኔ ባልሠራ ደስ ይለኛል።»

ሌላ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ጠይቂያቸው» አሉ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ከወዴት መጣችሁ? ምን ፈልጋችሁ?»

«ያውቃሉ እኮ ምን እንደፈለጉ።»

«ዝም ብለሽ ተርጉሚ!»

ተረጎመች፤ እጮኛዋም ወደ ቻይንኛ መለሰው። መልሱ በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ።

«ከሳን ፓብሎ ነው የመጣነው። መንገዱ ዛሬ ባዶ ነው ይላሉ።»

«ሳን ፓብሎ! ትውልዳቸውን ነው እንጂ የጠየቅኩት! እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ። ዝምድና ቢኖርስ?»

«ጋሼ፣ ከቻይና ጋር?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

አባትየው እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚለው ሲደርሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። አሥራ ሁለት ቆጠሩ፤ ቤተሰቡ ከዚያም በላይ የሚቆጥር መዝገብ እንዳለው አከሉ። ትውልዳቸው በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በድሮ ዘመን የዩዌ መንግሥት ይባል ከነበረው አገር ነው። ጋሼ ስድስተኛው ላይ የሚደናገሩ ሰው ስለሆኑ ጥያቄውን በዚያው ተዉት። ያን ጊዜ ነው አባትየው ቀና ያሉትና ግድግዳውን ያዩት።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጃቸው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። እሱ አመነታ። ሲናገር ልጄም አመነታች።

«ምን አሉ?»

«ጠላትዎ ማን ነው ይላሉ።»

«የምን ጠላት?»

«ወረቀቱ። እኛ አገር ይሄንን ቤቱ የሚሰቅል ወይ ፈተና ያለበት ተማሪ ነው፣ ወይ ጠላት ያለው ሰው ነው ይላሉ። እርስዎ ተማሪ አይመስሉም ይላሉ።»

ወረቀቱ ስለ ትዕግሥት የሚናገር ስጦታ ነው ብዬ መለስኩ። አባትየው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንደ ቆሙ፣ ያገራቸውን ንጉሥ ታሪክ ነገሩን። በሁለት አፍ ተሻግሮ የደረሰኝ እንዲህ ነው።

የዩዌ ንጉሥ ጎረቤቱ በሆነው በዉ ንጉሥ ተሸነፈ። ተማርኮም በአሸናፊው ግቢ ፈረስ ጠባቂ ሆነ፤ በረት ጠረገ። አሸናፊው ሲታመም ምርኮኛው ንጉሥ ዓይነ ምድሩን ቀምሶ «ይድናሉ» ብሎ አበሠረው ይባላል። በዚህ ታማኝነቱ ተለቀቀ። አገሩ ሲገባ ለስላሳ አልጋ ትቶ ጭራሮ ላይ ተኛ፤ ከመቀመጫው በላይ ሐሞት አንጠልጥሎ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ቀመሰ፤ ውርደቱን ረስቶ እንደሆነም ራሱን ጠየቀ። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖሮ ሠራዊት አሳደገና የዉን መንግሥት ከምድር አጠፋው። አራቱ ፊደላት ይህንን ነው የሚሉት። ትዕግሥት ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው የሌላ ሰው ጥፋት የሆነ ትዕግሥት ነው።

የዓይነ ምድሩ ነገር ሲነገር ነርሲንግ ሆሙ ትዝ አለኝ። ባልደረባዬ ይህን ክፍል የዘለለችው በጨዋነት ይሁን በእንግሊዝኛ እጥረት አላውቅም።

ጋሼ በሐሞቱ ነገር ተቸግረዋል። «እኛ ጨጓራ ላይ ሐሞት ጠብ የምናደርገው እኮ ሊጣፍጠን ነው» አሉ። «ለበቀል የሚልሱት ከሆነ የበሬ ነው የበግ?»

«እሱን አልተረጉምም» አለች ልጄ።

በመጨረሻ ጋሼ ተነሥተው በድልድይ መራቂ ድምፅ «ዛሬ ልጃችንን አንሰጥም» አሉ። ልጄ ተረጎመች፤ እጮኛዋ ተረጎመ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድም ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። ብርቱካኑ ቀረ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ «ከፋሲካ በኋላ» ብዬ አስነገርኩ። ሁዳዴ ገብቷል፤ በጾም ሽማግሌ ቢመጣ እንኳ እሺ አይባልም። እኔ ከጾምኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ይሁን እንጂ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ቀነ ገደብ ማግሥት መዋሉን የቀን መቁጠሪያ ላይ አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያንን አቆጣጠር እንዲህ በጥንቃቄ ያጠናሁበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

አባትየው ግን ከፋሲካ በኋላ አልጠበቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከልጃቸው ጋር መጡ። በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ጤንነታችንን ጠየቁ፤ ብርቱካን አስቀመጡ፤ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም እንዲሁ። ተቀመጡ እላቸዋለሁ፤ አይቀመጡም። ለምን እንደሚመጡ ሳስጠይቅ «እምቢ ስለተባልኩ» ብለው መለሱ። የቤቱ ተቀማጭ ጋሼ ናቸውና እሳቸውም በየቅዳሜው መምጣት ግድ ሆነባቸው።

«ይሄ ሰውዬ ከኛ በላይ ሐበሻ ሆነብን» አሉኝ በአራተኛው ቅዳሜ ብርቱካን እየላጡ።

እኔ ነገሩን ሞኝነት ነው ያልኩት። ብርቱካኑን ሳን ሆዜ ወስጄ ለመምህራን አድላለሁ። ስመለስ፣ ከፊቴ የሚሄደውን ኮንቴይነር እያየሁ፣ ይህ ሰው በወደቡ በር ላይ ተሰልፎ ስንት ሺህ ሰዓት ጠብቆ ይሆን ብዬ ማስላት የጀመርኩት ግን በዚያው ሰሞን ነው። በመጠበቅ ልበልጠው ያሰብኩት ሰው በመጠበቅ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ቅዳም ሹር ነበር። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው ቄጠማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቄጠማው ከአበባ መሸጫ የተገዛ ሣር ነው፤ እሳቸውን ግን አላሳሰባቸውም። አባትየው በዚያ ቀን ዘግይተው፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር የመጡት። ከልጃቸው ጋር በሩ አጠገብ ቆሙ።

«እንደምን ናችሁ ይላሉ» አለች ልጄ።

«ደኅና ነን። ከፋሲካ በኋላ እንገናኛለን በያቸው።»

አልተረጎመችም።

«በያቸው እንጂ።»

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ከሩብ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

የሚዘጋው የዩኒቨርሲቲው መልስ መቀበያ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ሰዓት ነው። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። «ግቢና ተቀበይው።»

«ያለ እሱ አልሄድም። ስድስት ዓመት ነው።»

«እሱስ ሥራውን ጥሎ ሊከተልሽ ነው?» ድምፄ ውስጥ የነበረውን ነገር ፌዝ ልለው እችላለሁ።

«አዎ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ሆኖ እንዲሠራ ፈቅዶለታል። እሱ ይሠራል፣ እኔ እማራለሁ፤ ስጨርስ እሱ ይማራል። ተራ በተራ ብዬሽ አልነበር?»

«ተራ በተራ ስትዪ . . .»

«ማን መጀመሪያ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

አልጠየቅኳትም። አንድ ምስክር ሰምቼ፣ ሁለት ቃል ይዤ፣ የቀረውን ከራሴ ሕይወት ሞላሁት። አንድ ተማሪ ይህንን ቢሠራብኝ ወረቀቱን አልቀበለውም።

«ታዲያ ምንድን ነው የያዛችሁ?»

«አባቱ ናቸው» አለች፤ ወደ በሩ ሳትዞር። «የዚያች ሴት መልስ ሳይገኝ ልጇን ይዘን ብንሄድ ስርቆት ነው ይላሉ። እሱ ደግሞ ከሳቸው ሌላ ማንም የለውም፤ ሳያከብራቸው አይሄድም።»

«እምቢታው የወግ መሆኑን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው። እውነት ነው ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።» አሁን ዓይኔን አየችኝ። «የወግ ነበር?»

ቀዝቃዛ ሰው ነኝ ይባላል። በዚያ ደቂቃ ግን ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ወንበር ስቤ በአባትየው ፊት አስቀመጥኩ።

«ተቀመጡ በያቸው። ልጃችን ተሰጥታለች በያቸው።»

«ኧረ!» አሉ ጋሼ ብድግ ብለው፤ ቄጠማው ወደ ቅንድባቸው ወረደ። «በጾም! ሁለቱ ሽማግሌዎች በሌሉበት! ከፋሲካ በኋላ ተብሏል እኮ!»

«ጋሼ፣ ይህንን የፊውዳል ቅሪት ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉልኝ።»

ጋሼ ተቀመጡ። አባትየው ግን አልተቀመጡም። ወንበሩን አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ ተናገሩ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል።

«እናንተ እምቢ ስትሉ እሺ ማለት ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ እሺ ስትሉስ ምን ማለት ነው ይላሉ» አለች ልጄ። ቀጥላም፣ «የዚያን ቀን የጠየቅኳቸውን አልመለሱልኝም። ልጄ የሚገባው ጠላት ካለው ቤት ነው። ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልቀመጥም ይላሉ።»

«ጠላት የለኝም። ወረቀቱ የትዕግሥት ነው በያቸው።»

«ይሄንን አልተረጉምም።»

«ለምን?»

ልጄ አማርኛዋን እየመረጠች፣ የማያውቀውን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በጥንቃቄ፣ እንዲህ አለች፦ «ንጉሡ ብቻውን ነው የላሰው። እኛ ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እማዬ። እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ነው የቀመስኩት። ማንም ብዪ ቀምሺ ሳይለኝ።»

እጮኛዋ አማርኛ አይሰማም። ጋሼ ይሰማሉ፤ ብርቱካን አንሥተው መላጥ ጀመሩ። አባትየው ቋንቋውን ሳይሰሙ ነገሩን የሰሙ ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ለመናገር ያሰብኩት አልነበረም። ለመናገር የቀረኝ ጊዜ ግን የተወሰነ ነበር፤ ጊዜው ሲወሰን ሰው እውነት ይቀለዋል። «ተርጉሚ» አልኩ። «ጠላቴ የልጄ አባት ነበር። የሚኖረው ኩፐርቲኖ ነው። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ ዞር ብሎ እንዲያየኝ ነው የፈለግሁት። ዶክተር ስባል አላየም። እስካሁንም አላየም።»

ልጄ ስለ ገዛ አባቷ የተነገረውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ድምፅዋ የመድኃኒት መመሪያ የምታነብ ሰው ድምፅ ነበር። ከኔ የወረሰችው ነው። እጮኛዋ ሲተረጉም ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ በዚያች ቅጽበት፣ ከማንኛውም ንግግሩ ይልቅ በዚህ ምክንያት፣ ልጁን ወደድኩት።

አባትየው አሰቡና መለሱ።

«ሰውዬው ጦርነት መኖሩንም አያውቅም ማለት ነው ይላሉ።»

«አዎን። ማለት ነው።»

«ንጉሡ ካሸነፈ በኋላ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ ወይ ይላሉ።»

አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት የሰቀልኩት ታሪክ መጨረሻውን አላውቅም ነበር።

ንጉሡ ካሸነፈ በኋላ ሠራዊቱን ለገነባለት፣ በውርደቱ ዘመን መንግሥቱን ለጠበቀለት አማካሪ ሰይፍ ላከለት፤ ራሱን እንዲያጠፋበት። ሌላው አማካሪው ብልህ ነበርና ቀደም ብሎ በጀልባ አመለጠ፤ ከዚህ ንጉሥ ጋር መከራ መካፈል ይቻላል፤ ሰላም መካፈል ግን አይቻልም ብሎ። ሐሞት የለመደ ሰው፣ አሉ አባትየው፣ ጠላቱ ሲያልቅበት ወዳጆቹን መቁጠር ይጀምራል።

«ስለዚህ ልጄን የሚቀበሉት እንደ ወዳጅ ነው ወይስ ቀጣዩ እሱ ነው ይላሉ።»

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ከሃያ።

«ቀጣዩ እሱ ነበር በያቸው» አልኩ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ። አሁን ግን ጊዜ የለኝም።»

ቃሉ በሁለቱ አፎች አልፎ ሲደርሳቸው አባትየው ሳቁ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ አርባ ዓመት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚቀመጠው በጥንቃቄ፣ ተቀመጡ። ጋሼ ሥርዓቱ ካልሞላ አልሞላም እያሉ ቢሆንም የላጡትን ብርቱካን ለሁለት ከፍለው ግማሹን አቀበሏቸው። ልጄ ወደ መኝታ ቤቷ ሮጠች። ለሰባት ተኩል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኳን ይዛ ወጣችና ማንንም ሳታይ፣ «ዳን፣ ላክሁት» አለች።

ያገራችን ወግ ሲጻፍ፣ ልጅቷን ከስምንት ሰዓት በፊት ውሰዱልኝ ብላ ሽማግሌ የለመነች የሙሽራ እናት ከኔ በፊት አለመኖሯን ሳላጣራ አልጽፍም።

ሌላውን ግን አጣርቻለሁ፤ ሃያ ዓመት ዘግይቼ። ከሁሉም የቀደመው ታሪክ ጸሐፊ የሚያወራው ስለ ሐሞቱ ብቻ ነው። ጭራሮ የለበትም። ጭራሮውን ከንጉሡ ጋር ያያያዙት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሐሞቱ ብቻውን አልበቃ ብሏቸው ይመስላል። በታሪክ ሥራ የተለመደ ነው፤ ሰው መከራ ሲያወራ አልጋውንም ይጨምርበታል። እኔም የራሴን ሳወራ ምን ምን እንደጨመርኩ ማጣራት ይገባኝ ነበር፤ አልጀመርኩትም። ንጉሡ ካሸነፈ በኋላ ሐሞቱን አውርዶት እንደሆነ ደግሞ ያገኘሁት ምንጭ ሁሉ ዝም ይላል።

ልጄ በኦገስት ወደ ምሥራቅ ልትሄድ ሻንጣ ስታሰናዳ ወረቀቱን አውርጄ ሰጠኋት። አባትየው ራሳቸው ፈተና ያለበት ተማሪ ቢሰቅለው ነውር የለውም ብለዋል አልኳት።

ሳትቀበለኝ ሳመችኝ። «እማዬ፣ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች፤ በአማርኛ።

ወረቀቱ አሁን ከነርሲንግ ሆሙ መታወቂያዬ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ምስማሩን አልነቀልኩትም። አባትየው አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ አስተርጓሚ የለንም፤ እሳቸው ተቀምጠው ይልጣሉ፤ እኔ እበላለሁ። ስበላ ዓይኔ ወደ ምስማሩ ይሄዳል። የሳቸውም እንዲሁ።